ካሜራው ብቻውን ዓይን አያድንም

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በዓይን ሕክምና ከዚያ በፊት ያልተለመደ ፈቃድ ሰጠ። ፈቃዱን ያገኘው «አይዲኤክስ-ዲአር» የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው፤ ሥራውም የስኳር ሕሙማንን የዓይን ፎቶ አንብቦ በሽታው ዓይን ውስጥ ጉዳት አድርሶ እንደሆነ መለየት ነው። ሥርዓቱ ውጤቱን ከመስጠቱ በፊት የዓይን ሐኪም ፎቶውን እንዲያይለት አይጠይቅም። ፈቃዱን ያስገኘለት ጥናት በ10 የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና መስጫዎች 900 የስኳር ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ጉዳታቸው ከቀላል ደረጃ ካለፈው ሰዎች መካከል ከመቶ 87 ያህሉን አግኝቷል፤ እዚያ ደረጃ ካልደረሱት ደግሞ ከመቶ 90 ያህሉን በትክክል ለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በዚያው አገር ሕመምተኛው ከቤቱ ሳይወጣ የራሱን ዓይን የውስጥ ምስል የሚያነሳበት መሣሪያ ተፈቀደ። ይህ ሁሉ ተስፋ የሚሰጥ እድገት ነው። ለአንድ አገር የጤና ሥርዓት ግን ከምስሉ ጥራት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ምስሉ ከተነሳ በኋላ ሕመምተኛው ወዴት ይሄዳል? እስካሁን ያለው ማስረጃ የሚያሳየው ዓይነ ስውርነትን በሕዝብ ደረጃ የቀነሰው ካሜራውን ከመዝገብ፣ ከአንባቢ፣ ከቀጠሮና ከሕክምና ጋር ያስተሳሰረ አሠራር መሆኑን ነው። መሣሪያውን ገዝቶ ይህን ሰንሰለት ያልዘረጋ አገር የሚያተርፈው የጠራ ፎቶ ብቻ ነው።

የቴክኖሎጂው ጉልበት የሚመነጨው ከዓይን ከራሱ ተፈጥሮ ነው። የሰውነትን የደም ሥርና ነርቭ ቆዳ ሳይቀደድ በቀጥታ ማየት የሚቻለው በዓይን በኩል ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋወቀው የዓይን መመልከቻ መሣሪያ ይህን በር ለሐኪሞች ከፈተ። ነገር ግን ሐኪሙ ያየውን ሌላ ሰው ሊያየው አይችልም ነበር፤ በእጁ ይሥለዋል ወይም በቃላት ይጽፈዋል እንጂ። ፎቶግራፍ መጣና ያ የአንድ ሰው እይታ በማኅደር የሚቀመጥ ሰነድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኖቮትኒና አልቪስ የተባሉ ሁለት የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪዎች ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም በክንድ ደም ሥር በመርፌ ሰጥተው፣ በዓይን ጀርባ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ሲፈስ በፎቶ እንዴት እንደሚያዝ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ የትኛው የደም ሥር እንደሚያፈስ፣ የትኛው እንደተዘጋ በምስል ማሳየት ተቻለ።

ትልቁ እመርታ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም መካከል ዴቪድ ሁዋንግ፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ኤሪክ ስዋንሰን፣ ኦሲቲ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀውን ዘዴ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ይፋ አደረጉ። ዘዴው ለአልትራሳውንድ ይቀርባል፤ በድምፅ ሞገድ ፈንታ ግን ዓይን እምብዛም የማያየውን ቀይ ዘመም ብርሃን ይጠቀማል። ብርሃኑ ወደ ሬቲና፣ ማለትም በዓይን ኳስ ጀርባ ወዳለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን ይላካል፤ ከየንብርብሩ ነጥሮ ሲመለስም መሣሪያው ከሌላ ማመሳከሪያ ብርሃን ጋር እያነጻጸረ እያንዳንዱ ንብርብር ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ያሰላል። ዛሬ በየክሊኒኩ ያሉት መሣሪያዎች በጥቂት ማይክሮን፣ ማለትም በሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍሎች፣ የሚለካ ልዩነት ይለያሉ። ቀድሞ በሰከንድ 400 ያህል መስመር ያነሱ የነበሩት አሁን በአሥር ሺዎች፣ አንዳንዶቹም ከ100,000 በላይ ያነሳሉ። ሕመምተኛው የሚጠበቅበት አገጩን ደግፎ ለጥቂት ሰከንዶች አንዲት ነጥብ ማየት ብቻ ነው። ሦስቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የላስከር የክሊኒክ ምርምር ሽልማት የተሰጣቸው ለዚህ ሥራቸው ነው።

እነዚህ ግኝቶች ለሕክምናው ሦስት ነገር ሰጡት። አንደኛው ማስረጃ ነው፤ ዛሬ የታየው ከዓመት በኋላ ከሚታየው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል። ሁለተኛው ልክ ነው፤ ግላኮማ የእይታ ነርቭን ምን ያህል እንዳሳሳ፣ የሬቲና መሐል ምን ያህል እንዳበጠ በቁጥር ይነገራል። በተለይ ግላኮማ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሽታው ሕመም ሳያስከትል ዳር ዳሩን እየበላ ስለሚሄድ ሕመምተኛው ሲነቃ የጠፋውን እይታ መመለስ አይቻልም። ሦስተኛው፣ ለእኛ ዓይነት አገር ከሁሉ የሚበልጠው፣ ምስሉ ሐኪሙንና ሕመምተኛውን ከአንድ ክፍል ነጻ ማውጣቱ ነው። ፎቶውን የሠለጠነ ነርስ በአንድ ከተማ ያነሳል፤ ስፔሻሊስቱ በሌላ ከተማ ያነበዋል። የዓይን ሐኪሞች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት በሆኑበት፣ ያሉትም በአብዛኛው በአዲስ አበባና በትላልቅ ከተሞች በተሰበሰቡበት አገር፣ የሙያተኛውን እይታ ሩቅ ማድረስ ማለት የሙያተኛውን ቁጥር የማብዛት ያህል ነው።

ይህ ጥቅም እውን ይሁን አይሁን ለመፈተን ከስኳር ሕመም የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከስኳር ሕሙማን ሲሦ ያህሉ በሬቲናቸው ላይ የተወሰነ ጉዳት ይኖርባቸዋል፤ ከአሥሩ አንዱ ደግሞ እይታን የሚያሰጋ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ጉዳቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይታወቅም። ሕመምተኛው መንገዱን ያያል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ ስለዚህም የሚመረመርበት ምክንያት አይታየውም። እይታው መደብዘዝ ሲጀምር ግን የተሻለው ጊዜ አልፏል። በሌላ በኩል ሕክምናው ታውቋል። በሌዘር ማከም ብርቱ የእይታ መጥፋትን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጥናት ተረጋግጧል፤ በዓይን ውስጥ የሚሰጡት መርፌዎች ደግሞ ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ተጨምረዋል። ምልክት የሌለው፣ በፎቶ የሚታይ፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ሊገታ የሚችል በሽታ ነው። እንዲህ ባለ በሽታ ላይ ልዩነት የሚያመጣው በጊዜ የማግኘቱ አሠራር ነው።

እንግሊዝ ያደረገችው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የስኳር ሕሙማን በሙሉ የዓይን ፎቶ እንዲነሱ አገር አቀፍ የልየታ መርሐ ግብር ዘረጋች። የተጠቀመችው ተራ የዲጂታል ሬቲና ካሜራ ነበር። የለፋችበት ሌላው ክፍል ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ስም በመዝገብ ሰፈረ፣ በየጊዜው የጥሪ ደብዳቤ ተላከለት፣ ፎቶው በሠለጠኑ አንባቢዎች ደረጃ ተሰጠው፣ የአንባቢዎቹ ሥራ በጥራት ቁጥጥር ተፈተሸ፣ አደጋ የታየበትም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሆስፒታል እንዲደርስ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት የእንግሊዝና የዌልስን የዓይነ ስውርነት ምዝገባዎች ሲመረምር፣ ቢያንስ በአምስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የስኳር ሕመም በሥራ ዕድሜ ላይ ላሉ ሰዎች ዓይነ ስውርነት ቀዳሚ ምክንያት መሆኑ እንደቀረ አሳየ። የተሻለ የስኳር ቁጥጥርም ለውጤቱ ድርሻ እንዳለው አጥኚዎቹ ጠቅሰዋል፤ የልየታው ድርሻ ግን ሊታለፍ አይችልም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለዓይን ፎቶ ንባብ ከመፈቀዱ ዓመታት በፊት የተገኘ ድል ነው።

ተቃራኒው ትምህርት ከታይላንድ ይመጣል። ጉግል የስኳር ሕመም ያስከተለውን የዓይን ጉዳት የሚያነብ ሥርዓት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው ውጤት ከስፔሻሊስቶች ጋር የሚስተካከል ነበር፤ ሥርዓቱ የሠለጠነው ከ128,000 በሚበልጡ ምስሎች ነው። ከዚያ በታይላንድ ክሊኒኮች ውስጥ በሥራ ላይ ሲውል የኩባንያው የራሱ ተመራማሪዎች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2020 ያዩትን ጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከቀረቡት 1,838 ምስሎች 21 በመቶው ለንባብ የሚበቃ ጥራት የላቸውም ተብለው ተመለሱ። ምክንያቱ ለክሊኒክ ሠራተኛ ሁሉ የሚገባ ነው፤ ክፍሉ በቂ ጨለማ አልነበረውም፣ ነርሶቹ ተራ ለሚጠብቅ ብዙ ሰው ይቸኩላሉ፣ ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል። ፎቶው የተመለሰበት ሕመምተኛም ምናልባት ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሩቅ ወዳለ ስፔሻሊስት ይላካል። በቤተ ሙከራ ብልጫ ያሳየ ሥርዓት መጋረጃ በሌለው ክፍል ተሰናከለ ማለት ነው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መሣሪያው የሚለካው በሚቆምበት ክፍል፣ ፎቶውን በሚያነሳው ባለሙያና ፎቶው በሚጓዝበት መስመር ነው።

ቴክኖሎጂው በትክክለኛው ቦታ ሲገባ ደግሞ የሚያመጣው ለውጥ በሩዋንዳ ታይቷል። በዚያ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት የስኳር ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን የፎቶውን ውጤት በሰው ሠራሽ አስተውሎት እዚያው ወዲያውኑ ተቀበለ፤ ሁለተኛው ፎቶው በሰው እስኪነበብ ለቀናት ጠበቀ። ወደ ዓይን ሐኪም እንዲሄዱ ከተነገራቸው መካከል ከመጀመሪያው ቡድን 51.5 በመቶ፣ ከሁለተኛው 39.6 በመቶ ሄዱ። ልዩነቱን ያመጣው ሰውየው ገና ከወንበሩ ሳይነሳ «ዓይንህ አደጋ ላይ ነው፤ የምትሄድበት ይህ ነው» መባሉ ነው። በኬንያ ትራንስ ንዞያ አካባቢ በትምህርት ቤቶች የተደረገ ሌላ ጥናትም ወደዚሁ ያመለክታል። ዓይናቸው በስልክ ተመርምሮ ለወላጆቻቸው ማስታወሻ በስልክ መልእክት ከተላከላቸው፣ ወደ ሕክምና እንዲሄዱ ከተጠቆሙ ልጆች 54 በመቶ ሲሄዱ፣ በቀድሞው አሠራር ግን 22 በመቶ ብቻ ሄደዋል። ሁለቱም ጥናቶች አንድ መራራ እውነት ይዘዋል፤ በተሻለው አሠራር እንኳ ግማሽ ያህሉ አልሄደም። መጓጓዣው፣ የአስታማሚው ወጪ፣ የሥራ ቀን መባከኑ በሶፍትዌር አይፈታም።

ወደ አገራችን ስንመጣ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአክብሮት ሊመለስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አግኝቷል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ የመጣው ከዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው ከትራኮማ ነው። ሞራን ለማወቅ ውድ ካሜራ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቀዶ ሕክምና ነው። ለትራኮማም ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ንጹሕ ውኃና የፊት ንጽሕና ናቸው መፍትሔዎቹ። እንግዲያውስ ገንዘቡ ለምን ወደ ምስል መሣሪያ ይሄዳል? ተቃውሞው ስለ ቅደም ተከተል እውነት ይናገራል፤ የሞራ ቀዶ ሕክምናን በጀት ነጥቆ ኦሲቲ የሚገዛ ዕቅድ ስሕተት ነው። ግን ሁለት ነገር ያስቀራል። በዚያው ጥናት ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ፣ ማለትም የሬቲና መሐል፣ መጎዳት 4.8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው፤ እነዚህ ደግሞ እንደ ሞራ ተገፈው እይታ የሚመለስባቸው አይደሉም። ከጥናቱ ወዲህም ከተሞች ሰፍተዋል፣ የአኗኗር ሁኔታ ተለውጧል፣ በየሆስፒታሉ የስኳር ክትትል ክሊኒክ ተራ የሚጠብቀው ሰው በዝቷል። ሞራው ዛሬ ያልተሠራለት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ቢሠራለት ያያል። በስኳር ሕመም ወይም በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። ይህ ልዩነት ብቻውን በጀት ውስጥ ቦታ ሊያሰጠው ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፤ ተራው ካሜራ ላይ ካተኮርን ኦሲቲን የመሰለ የላቀ መሣሪያ ጥቅም ማሳነሳችን አይደለም ወይ የሚል ነው። በእርግጥ ኦሲቲ በራሱ ቦታ ገንዘብ አዳኝ ነው። በአሜሪካ የተሠራ ግምት እንዳሳየው እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2015 ሐኪሞች በኦሲቲ እየተመሩ ለማን መርፌ እንደሚያስፈልግ በመለየታቸው የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን 9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቆጥቧል። ነገር ግን ይህ ቁጠባ የተገኘው መርፌው በሰፊው በሚሰጥበት አገር ነው። መርፌው በሌለበት ወይም ሕመምተኛው በየወሩ ሊከፍለው በማይችልበት ቦታ ኦሲቲ የሚለካው እብጠት ሳይታከም ይቀራል። ስለዚህ ኦሲቲ የሚገባው ሌዘርና መርፌ ባለበት የሪፈራል ማዕከል ነው። በዓይን ውስጥ በመርፌ የሚሰጠውና ዋጋው ዝቅ ያለው መድኃኒት ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። መሣሪያውንና መድኃኒቱን በአንድ ዕቅድ መግዛት ይቻላል፤ ይገባልም።

ሦስተኛው ስጋት ስለ ልኬቱ ፍትሐዊነት ነው። ኦሲቲ «ጤነኛ» ወይም «አደገኛ» ብሎ ቀለም የሚቀባው በመሣሪያው ውስጥ ከተጫነ የጤነኞች መረጃ ጋር አነጻጽሮ ነው። ይህ መረጃ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሰዎች የተሰበሰበ ነው፤ በውስጡም የአፍሪካውያን ድርሻ አነስተኛ ነው። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የእይታ ነርቭ ራስ በአማካይ ሰፋ ያለ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ይህን ያልቆጠረ መሣሪያ ጤነኛውን ሰው ግላኮማ አለብህ ብሎ ሊያስጨንቅ ይችላል። በሌላ ሕዝብ ምስል የሠለጠነ ሶፍትዌርም ተመሳሳይ አደጋ አለው። መልሱ ቴክኖሎጂውን መጣል ሳይሆን በአገር ውስጥ መፈተን ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ የጎንደርና የጅማ ዩኒቨርሲቲዎች የዓይን ሕክምና ክፍሎች እያንዳንዱን ሥርዓት በኢትዮጵያውያን ዓይን ላይ ሳያረጋግጡ በሕዝብ ጤና ተቋማት ሥራ ላይ እንዲውል መፈቀድ የለበትም። ከልየታው የሚሰበሰቡት ምስሎችም የሕሙማኑ ምሥጢር ተጠብቆ በአገር ውስጥ ሊቀመጡ ይገባል፤ ነገ የራሳችንን ሥርዓት የምናሠለጥነው በእነርሱ ነውና።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሕክምና በሌለበት በሽታን ማግኘት ምን ይጠቅማል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው የዊልሰንና የዩንግነር መመሪያ ልየታ ከመጀመሩ በፊት ተቀባይነት ያለው ሕክምና፣ ለምርመራና ለሕክምና የሚሆን ተቋምም መኖር እንዳለበት ይናገራል። ይህ መርሕ ዛሬም ጸንቶ መቆም አለበት። ሌዘር ከሌለበት ዞን መቶ ሰው ፎቶ አንስቶ ሃያውን «ዓይንህ እየጠፋ ነው» ብሎ ማሰናበት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ከዚህ መርሕ «እንግዲያው አንጀምር» የሚል ድምዳሜ አይወጣም። የሚወጣው ካሜራና ሌዘር በአንድ ውሳኔ፣ በአንድ በጀት ይገዙ የሚል ነው። ከፎቶው የሚገኘው ቁጥርም ራሱ ሙግት ይሆናል፤ በአንድ ዞን ስንት ሰው ሌዘር እንደሚያስፈልገው በማስረጃ የያዘ የጤና ቢሮ በጀት ሲጠይቅ የሚሰማው ያገኛል።

ከዚህ ተነስቶ ቅደም ተከተሉን ማስቀመጥ አያስቸግርም። ካሜራው በመጀመሪያ መግባት ያለበት ሕመምተኛው ቀድሞ በሚመጣበት ቦታ፣ ማለትም በስኳር ክትትል ክሊኒክ ነው፤ ለመድኃኒቱ የመጣ ሰው ለዓይኑ ሌላ ቀጠሮ አያስፈልገው። ፎቶውን የሚያነሱት የሠለጠኑ ነርሶችና ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሳሰሉ ተቋማት የሚመረቁ ኦፕቶሜትሪስቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ንባቡ በሰውም በተፈተነ ሶፍትዌርም ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ሕመምተኛው ሳይሄድ ይነገረው። ቀጠሮው በስልክ መልእክት ይታወስ፤ የቀረውን ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታስታውሰው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሌዘሩን ዋጋ ይሸፍን። ሁለተኛው ቦታ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ነው። እነዚህን ሕፃናት በኦክስጅን እያዳንን በሄድን ቁጥር ሬቲናቸው የመጎዳት አደጋው አብሮ ይመጣል፤ ለሕክምና ያለው ጊዜም በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠር ነው። በሕንድ ካርናታካ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሠለጠኑ ቴክኒሻኖች በገጠር ሆስፒታሎች እየዞሩ የሕፃናቱን ሬቲና አንስተው ለስፔሻሊስቶች በመላክ ይህ እንደሚቻል አሳይተዋል። ኦሲቲው በሪፈራል ማዕከሉ፣ መርፌና ሌዘር ባለበት፣ በሦስተኛ ደረጃ ይከተላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የእይታ ሪፖርት ቢያንስ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች የእይታ ችግር እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ መከላከል ይቻል የነበረ ወይም ገና መፍትሔ ያላገኘ መሆኑን ገልጿል። የእነዚህ 1 ቢሊዮን ሰዎች ችግር ሳይፈታ የቀረው ሳይንስ ስላላወቀ አይደለም፤ የታወቀው ስላልደረሳቸው ነው። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴርም፣ የክልል ጤና ቢሮዎችም፣ መሣሪያ የሚለግሱ ድርጅቶችም ካሜራ ሲገዙ ወይም ሲቀበሉ ለአራት ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ ይያዙ፤ ፎቶውን ማን ያነሳል፣ ማን ያነበዋል፣ በሽታ የተገኘበት ሰው የት ይታከማል፣ ወጪውን ማን ይከፍላል? ለአራቱም መልስ ያለው ግዢ በአስቸኳይ ይፈጸም። መልስ የሌለው ግዢ ግን፣ መሣሪያው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ መልስ እስኪገኝለት ይቆይ። አንባቢም የስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም በቤትዎ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ እይታው ደህና ነው ብለው ሳይዘናጉ በዓመት አንድ ጊዜ የዓይን ጀርባ ምርመራ ይጠይቁ።